ከቀለም ስም እስከ ማገር፦ የአንድ ኬሚስት የምርምር ሕይወት ለሙያ ቃላት ስያሜ የሚሰጠው ትምህርት

የሙያ ቃልን በአማርኛ ለመሰየም የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚገኘው የባዕዱ ቃልና የመዝገበ ቃላት ፍቺው ብቻ ነው። ቃሉ መቼ እንደ ተፈጠረ፣ ፈጣሪው በዚያን ጊዜ ምን ያውቅ እንደ ነበር፣ ከዚያም ወዲህ ጽንሰ ሐሳቡ ምን ያህል እንደ ተለወጠ አይመለከትም። በዚህም ምክንያት ሳይንሱ ራሱ የተወውን ግምት በአማርኛ እንደ አዲስ ሲተክለው ይገኛል። ይህን ችግር በምሳሌ ለማሳየት አንድ የኬሚስትሪ ዘርፍ መርጠናል፤ ይኸውም ብረት አስተኔዎች ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር የሚመሠርቷቸውን ቅንጅታዊ ውሑዶች የሚመለከተው ነው። የታሪኩ መሪ አድርገን የወሰድነውም የፕሮፌሰር ሪቻርድ ሮብሰንን የምርምር ሕይወት ነው።

ፕሮፌሰር ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ2025 ከጃፓናዊው ሱሱሙ ኪታጋዋና በአማን ከተማ ከፍልስጥኤማውያን ስደተኞች ቤተ ሰብ ከተወለዱት ኦማር ያጊ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሽልማቱ የዘርፉን ስም ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ጋዜጣና ወደ ሬዲዮ አድርሶታል። እንደሚታወቀው በዚህ መንገድ የሚመጣ ቃል በቸኮለ ትርጉም አንድ ጊዜ ከተደላደለ በኋላ ማረሙ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ከስያሜው በፊት ታሪኩን መመርመር ይገባናል።

1. የቀለም ስሞችና የቬርነር ቁጥር

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኬሚስቶች ከኮባልት ክሎራይድና ከአሞኒያ የሚገኙ፣ ደማቅ ቀለም ያላቸው ልዩ ልዩ ጨዎች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1852 ፈረንሳዊው ኤድሞን ፍሬሚ እነዚህን የመሰሉ ጨዎችን በላቲንና በግሪክ ቃላት በየቀለማቸው መሰየም ጀመሩ። በዚህ ልማድ ብጫው «ሉቴዮ»፣ ሐምራዊው «ፑርፑሬዮ»፣ አረንጓዴው «ፕራሴዮ» ይባል ነበር። ስሞቹ አንዱን ጨው ከሌላው ለመለየት ጠቅመዋል፤ ስለ ውስጣዊ አሠራሩ ግን የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም። በጊዜው በነበረው የቫሌንሲ ትምህርት መሠረት ኮባልት ሦስት ክሎሪኖችን ከያዘ በኋላ የመያዝ ዐቅሙ ያበቃል። ታዲያ ስድስቱ አሞኒያዎች በምን ኀይል ተይዘው ይቆማሉ? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም ነበር።

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረቡት በአልዛስ የተወለዱትና በኋላ በዙሪክ ያስተማሩት አልፍሬድ ቬርነር ናቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 26 ዓመት ነበር። ማስረጃቸው ከሁሉ በላይ ቆጠራ ነበር። በጨዎቹ ሙሙት ላይ ሲልቨር ናይትሬት ሲጨመር ነጻ የሆነው ክሎራይድ ብቻ ይዘቅጣል። ስድስት አሞኒያ ያለው ጨው ሦስቱንም ክሎራይዶች ይለቃል፤ አምስት አሞኒያ ያለው ሁለቱን፣ አራት አሞኒያ ያለው ደግሞ አንዱን ብቻ ይለቃል። እንግዲህ ከኮባልቱ ጋር የቀረው ቢቆጠር ስድስትና ባዶ፣ አምስትና አንድ፣ አራትና ሁለት ይሆናል፤ ድምሩ ሁልጊዜ ስድስት ነው። ቬርነር ስድስቱ በኮባልቱ ዙሪያ በስምንት ገጽ ቅርጽ ማዕዘኖች ላይ ተሰድረው እንደሚገኙ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1911 ከቪክተር ኪንግ ጋር ሆነው አንዱን የኮባልት ውሑድ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ወደሚመሳሰሉ ሁለት ዐይነቶች በመለየታቸው የቅርጹ ነገር ተረጋገጠ፤ በ1913ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚህ ላይ የስያሜ ባለሙያ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቬርነር ለትምህርታቸው በጀርመንኛ ካወጧቸው ስሞች መካከል ሦስቱን እንውሰድ፤ «ሐውፕትቫሌንትስ» ማለትም ዋና ቫሌንሲ፣ «ኔበንቫሌንትስ» ማለትም ተጓዳኝ ቫሌንሲ፣ እና የቅንጅት ቁጥር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ማሰሪያው ኀይል የተሰጡ ግምቶች ነበሩ። ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ትስስር የሚፈጠረው በጋራ በተያዙ ጥንድ ኤሌክትሮኖች መሆኑን ካስተማሩ፣ ኔቪል ሲጅዊክም በ1920ዎቹ ይህን ሐሳብ ወደ ቬርነር ውሑዶች ካስፋፉት በኋላ፣ ሁለቱ ስሞች ከሥራ ወጥተው የታሪክ ቃላት ሆኑ። የቅንጅት ቁጥር የሚለው ግን እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። ምክንያቱም ስሙ የሚናገረው ሊቆጠር ስለሚችል ነገር ብቻ ነው፤ የተቆጠረውን ነገር ማብራሪያው ቢለዋወጥም ቁጥሩ አልተለወጠም።

2. «አሳሪ» እና ሁለቱ ማዕከሎች

በማዕከሉ ዙሪያ የሚሰደሩት ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች ዛሬ ሊጋንድ ይባላሉ። ቃሉን ጀርመናዊው አልፍሬድ ሽቶክ እ.ኤ.አ. በ1916 ከላቲኑ «ሊጋሬ» አወጡት፤ «ሊጋሬ» ማሰር ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ አሳሪ ብንለው ከሥርወ ቃሉ አንርቅም።

ፕሮፌሰር ሮብሰን ወደዚህ ሙያ የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ ግላስበርን በተባለ መንደር ተወለዱ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን በ1962 በኦክስፎርድ ፈጽመው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ በ1966 በአውስትራሊያ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። የምርምር ሕይወታቸውም ከዚያ ወዲህ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ነው።

በ1970 ከተባባሪያቸው ጋር ባወጡት ሥራ፣ ሁለት የመዳብ አዮኖችን ጎን ለጎን አቀራርቦ የሚይዝ ትልቅ ቀለበታዊ አሳሪ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ይህ የቀለበት ዐይነት ዛሬም በእርሳቸው ስም ይጠራል። ሁለት ብረት አስተኔዎችን በአንድነት የሚይዘውን አሳሪ ለመሰየም በእንግሊዝኛ «ባይኒውክሊየቲንግ» የሚል ቃል ሥራ ላይ አዋሉ። ተርጓሚ በዚህ ቃል በቀላሉ ይሰናከላል። «ኒውክለስ» በአማርኛ አስኳል ተብሎ ስለሚታወቅ «ሁለት አስኳል ያለው» ብሎ ለመተርጐም እጅ ይቸኩላል። ይሁን እንጂ በዚህ የኬሚስትሪ ዘርፍ ቃሉ የአቶምን አስኳል አይመለከትም፤ የሚያመለክተው አሳሪዎች በዙሪያው የሚሰደሩበትን ብረት አስተኔ ነው። በመሆኑም ሁለት ማዕከል ያዥ አሳሪ ማለት ትክክለኛ ነው፤ አስኳል የሚለው ግን አንባቢውን ወደ ኒውክሌር ፊዚክስ ይወስደዋል።

3. የእንጨት ኳሶች

የፕሮፌሰር ሮብሰን ዋና ሐሳብ የመነጨው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከመማሪያ መሣሪያ ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ የሞለኪውል ሞዴሎች ማዘጋጀት ነበረባቸው። ኳሶቹ አቶሞችን፣ የእንጨት ዘንጎቹ ደግሞ ትስስሮችን ይወክላሉ። ዘንጎቹ የሚሰኩባቸውን ቀዳዳዎች የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ እንዲበሳቸው፣ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፍራ በትክክል ተለክቶ መሰጠት ነበረበት፤ እያንዳንዱ የአቶም ዐይነት የራሱ የትስስር ብዛትና አቅጣጫ አለውና። የተሠሩትን ኳሶች መገጣጠም ሲጀምሩ፣ ሞዴሉ ያለ ተጨማሪ መመሪያ ትክክለኛውን ቅርጽ ይዞ ሲወጣ አዩ። የሕንፃው ዕቅድ አስቀድሞ በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከዚህም ተነሥተው፣ በኳሶች ፈንታ የብረት አስተኔ አዮኖችን፣ በዘንጎች ፈንታ ደግሞ ረጃጅም ሞለኪውሎችን በማቅረብ ተፈጥሮ ራሷ ማለቂያ የሌለው ሕንፃ እንድትገጣጥም ማድረግ ይቻል ይሆን? ብለው ጠየቁ።

ሐሳቡን በሥራ ለመፈተን ከ10 ዓመት በላይ ወሰደባቸው። አርአያ ያደረጉት አልማዝን ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ ካርቦን ከአራት ካርቦኖች ጋር በአራት አቅጣጫ ይያያዛል። አንድ አዎንታዊ ሙል ያለው የመዳብ አዮንም አራት አሳሪዎችን በዚሁ አቅጣጫ ይቀበላል። ፕሮፌሰር ሮብሰን ይህን አዮን፣ አራት ክንድ ካለውና በየክንዱ ጫፍ መዳብን የሚስብ የናይትሮጅን ቡድን ከያዘ ሞለኪውል ጋር አዋሐዱት። ከእንዲህ ያለው ድብልቅ ሥርዓት የሌለው ዝቃጭ ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው ግን ሥርዓት ያለው ክሪስታል ሆነ። ውስጡም እንደ አልማዝ የተያያዘ ሆኖ፣ ዘንጎቹ ረጃጅም በመሆናቸው ሰፋፊ ባዶ ስፍራዎች ነበሩት። ይህን ሥራ ከክሪስታል አጥኚው በርናርድ ሆስኪንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አሳተሙ።

በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ የዚህን ዐይነት ቁሶች የወደፊት ጠቀሜታ አመለከቱ፤ አስቀድሞ የታወቁትን የዚንክና የካድሚየም ሳያናይዶች አሠራርም በአዲስ ዐይን ተመለከቱ። በእነዚህ ውሑዶች ውስጥ ሁለት አልማዝ መሰል መረቦች አንዱ በሌላው ባዶ ስፍራ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ ሁለቱ በትስስር አልተያያዙም፤ ነገር ግን ትስስር ካልተበጠሰ በቀር ሊለያዩ አይችሉም። ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1998 ከስቱዋርት ባተን ጋር ባሳተሙት የታወቀ የግምገማ ጽሑፍ በሰፊው ተተንትኗል። በአማርኛ የተጠላለፉ መረቦች ማለት ይስማማዋል። «የተደበላለቁ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ መደበላለቅ ሥርዓት ማጣትን ሲያመለክት፣ እዚህ ያለው መጠላለፍ ግን ፍጹም ሥርዓት ያለው ነውና።

4. የስሞች ፉክክር

ለእነዚህ አዳዲስ ቁሶች ፕሮፌሰር ሮብሰንና ሆስኪንስ የሰጧቸው መጠሪያ ረዘም ያለ ነበር። በ1989ኙ ጽሑፍ ርእስ፣ በሦስት አቅጣጫ በተያያዙ ዘንግ መሰል ክፍሎች የተሠሩ ማለቂያ የሌላቸው ፖሊመራዊ ማገሮች ተብለዋል። በ1990ው ርእስ ደግሞ፣ ግንበኞች ሕንፃ ሲሠሩ ከውጭ ከሚያቆሙት የእንጨት መወጣጫ ጋር ተመሳስለዋል። ይህ ስም ቅርጹን የሚያሳይና የሚቆጠረውን የሚናገር ቢሆንም ለዕለት ንግግር አይመችም።

ከዚህም ሌላ የሚሠሩት ቁሶች የጽናት ጉድለት ነበረባቸው። በባዶው ስፍራ የሞላው ፈሳሽ ሲወጣላቸው ብዙዎቹ ይፈራርሱ ስለ ነበር፣ ጥቅም የላቸውም የሚሉ ኬሚስቶች ጥቂቶች አልነበሩም። ኪታጋዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚቴንን፣ ናይትሮጅንንና ኦክስጅንን ሊያስገቡና ሊያስወጡ የሚችሉ ቁሶችን ሠሩ፤ በ1998ም እንዲህ ያሉ ቁሶች ተለዋዋጭ ቅርጽ ሊኖራቸው እንደሚችል አመለከቱ። ያጊ በ1995 ባሳተሟቸው ጽሑፎች «ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ» የሚለውን ስም ሥራ ላይ አዋሉ። በ1999 ደግሞ ከዚንክና ከቤንዚን ዳይካርቦክሲሌት የተሠራውን «ኤም.ኦ.ኤፍ.-5» አስተዋወቁ፤ ይህ ቁስ ባዶ ሆኖ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ አልፈረሰም። በአንድ ግራሙ ውስጥ ያለው የውስጥ ገጽ ስፋት 2900 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ተገምቷል። አጭሩ ስም ከጠንካራው ቁስ ጋር በአንድነት ተስፋፋ።

ሆኖም ሁሉም አልተቀበለውም። ከፊሎቹ ቀድሞ የነበረውን «ኮኦርዲኔሽን ፖሊመር» የሚለውን መረጡ። ክርክሩ የቃል ብቻ አልነበረም፤ አንድን ቁስ በአዲሱ ስም መጥራት «ውስጡ ባዶ ስፍራ አለው» ብሎ መመስከር ነበረና። ዓለም አቀፉ የንጹሕና የተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት ጉዳዩን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የስያሜ ምክረ ሐሳብ አወጣ። በዚህ መሠረት ስሞቹ እንደ ዘርና ዝርያ ተደረደሩ። ሰፊው ስም ቅንጅታዊ ፖሊመር ነው፤ በውስጡ ቅንጅታዊ መረብ አለ። ኦርጋኒክ አሳሪዎች ያሉትና ባዶ ስፍራ ሊኖረው የሚችል ቅንጅታዊ መረብ ደግሞ «ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ» ይባላል። «ሊኖረው የሚችል» የሚለው ሐረግ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ባዶው ስፍራ በፈሳሽ ተሞልቶ ሊገኝ፣ በሙቀትና በግፊትም ሊዘጋና ሊከፈት ስለሚችል፣ ስሙ በየጊዜው እንዳይለዋወጥ ያደርጋል። ተርጓሚ ይህን ሐረግ እንደ ትርፍ ቃል ቆጥሮ ቢዘለው የብያኔው ዋና ፍሬ ይጠፋል።

5. ወደ አማርኛው ስንመለስ

ለ«ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ» ከሦስቱ ቃላት እያንዳንዱ በአማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው።

መጀመሪያው ብረት ነው። በተራው አነጋገር ብረት ስንል አንድን የታወቀ ንጥረ ነገር እንረዳለን። ከላይ በጠቀስነው የ1989 ማገር ውስጥ ያለው ግን መዳብ ነው፤ «ኤም.ኦ.ኤፍ.-5» ውስጥ ያለውም ዚንክ ነው። ስለዚህ «የብረት ማገር» የሚል ስም በቤት ሠሪዎች ዘንድ ሌላ ትርጉም ከመስጠቱም በላይ ተማሪውን ያሳስታል፤ ብረት አስተኔ የሚለውን የመማሪያ መጻሕፍት ቃል መያዝ ይሻላል። ሁለተኛው ኦርጋኒክ ነው። ይህ ቃል ዛሬ በገበያ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የበቀለ እህልን ለመግለጽ ይነገራል። በኬሚስትሪ ግን የካርቦን ውሑዶችን የሚመለከት የቆየ የውሰት ቃል ስለሆነ መተው አያስፈልግም፤ በፍቺው ግን ልዩነቱ መጠቀስ አለበት።

ሦስተኛውና አከራካሪው ፍሬምወርክ ነው። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይህ ቃል ማዕቀፍ ተብሎ ተደላድሏል፤ የሕግ ማዕቀፍ፣ የፖሊሲ ማዕቀፍ እንላለን። ማዕቀፍ ግን ማቀፍ ከሚለው የወጣ እንደ መሆኑ ከውጭ ከብቦ የሚይዝን ነገር ያመለክታል። እዚህ ያለው ነገር ከውጭ የሚከብብ አይደለም፤ ቁሱ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚሁ የተሠራ ነው። መዋቅር የሚለውም ለማንኛውም የሞለኪውል አሠራር ስለሚነገር መለያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ማገር የሚለውን እናቀርባለን። ጭቃ ያልተመረገ ቤት ሲታይ ቋሚዎቹና ማገሮቹ እየተሻገሩ በየመካከላቸው ክፍት ስፍራ ይተዋሉ፤ የተፈለገውም ጽንሰ ሐሳብ ይኸው ነው። ቃሉ ማገረ፣ ተማገረ፣ አማገር እያለ ስለሚረባ ለሌሎች ቃላት ምንጭ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ምሳሌ ጋር የሚመጣ አንድ ግጭት አለ። በገጠር ቤት የሚያስረው ልጥ አጭር ነው፤ እንጨቱ ረጅም ነው። በኬሚስቱ ማገር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አሳሪ የተባለው ሞለኪውል ራሱ ረጅሙ ዘንግ ሲሆን ብረት አስተኔው መጋጠሚያው ላይ ይገኛል። የቬርነር ዘመን ስም ወደ ሮብሰን ዘመን ሕንፃ ሲገባ ሥራው ተለውጧል ማለት ነው። ለዚህም ኬሚስቶች ራሳቸው «ሊንከር» የሚል ሌላ ቃል ጨምረዋል። እኛም በአንድ ማዕከል ዙሪያ ለሚሰደረው አሳሪ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ማዕከሎችን ለሚያያይዘው ደግሞ አገናኝ ብንል ግጭቱ ይቀላል።

ቅንጅት የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ቃል ለገበሬ መቀናጆን ያስታውሳል፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ የሚያርሱበትን ሥርዓት ማለት ነው። ከትስስሮች ሁሉ መቀናጆን የሚመስለው ግን ሁለቱ አቶሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን የሚያዋጡበት ተራው የጋራ ትስስር ነው። በቅንጅታዊ ውሑድ፣ በሲጅዊክ ማብራሪያ መሠረት፣ ጥንዱን ኤሌክትሮን የሚያመጣው አሳሪው ብቻ ነው፤ አንዱ ገበሬ ሁለቱንም በሬዎች እንዳዋሰ ይቆጠራል። እንግዲህ ቅንጅትን ለትስስሩ ስም ካደረግነው ተቃራኒውን እናስተምራለን። ቬርነር እንዳደረጉት በማዕከል ዙሪያ የመሰደር ስም ካደረግነው ግን ያገለግለናል። ትስስሩን የለጋሽና የተቀባይ ትስስር ብለን ለብቻው መሰየም ይገባል።

እንደ «ኤም.ኦ.ኤፍ.-5» ያሉት መለያዎች ደግሞ የተጸውዖ ስሞች ስለሆኑ አይተረጐሙም። አንዳንዶቹ የተሠሩበትን ተቋም ምሕጻር ይይዛሉ፤ ለምሳሌ «ዩ.አይ.ኦ.-66» የኦስሎ ዩኒቨርሲቲን ያስታውሳል። እነዚህ በፊደላችን በድምፃቸው ተጽፈው ከቁጥራቸው ጋር መቅረት አለባቸው።

ባጠቃላይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለፉትን ስሞች ስንመዝን፣ ቀለምን የተከተሉት ዕውቀቱ ሲሰፋ ጠፉ፤ ያልተረጋገጠን ኀይል የሰየሙትም ማብራሪያው ሲለወጥ ተጣሉ። የቀሩት ሊቆጠር ወይም ሊለካ ለሚችል ነገር የተሰጡትና የሚያውቁትን ያህል ብቻ የተናገሩት ናቸው። የፕሮፌሰር ሮብሰን ኳሶች ትክክለኛውን ቅርጽ የሰጡት ቀዳዳዎቻቸው አስቀድመው ተለክተው ስለ ተበሱ ነበር። ስያሜ አውጪም ቃሉን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚያያዝ፣ ከየትኞቹ ጋር ደግሞ መያያዝ እንደሌለበት አስቀድሞ ሊለካ ይገባዋል። ብረት አስተኔ-ኦርጋኒክ ማገር፣ ቅንጅታዊ መረብ፣ ቅንጅታዊ ፖሊመር፣ አሳሪና አገናኝ የሚሉትን ቃላት ያቀረብነው በዚህ መንፈስ ነው። የኬሚስትሪ መምህራንና ተርጓሚዎች በሥራ ላይ አውለው እንዲፈትኗቸው፣ ጉድለት ያገኙበትንም እንዲያመለክቱን እንጠይቃለን።